ጣት የምታክለው የውፍረት መለኪያ ሴንሰር፦ ኮምቦልቻ ላይ ፈሳሽ ሳሙና እየሰራሁባት ሰባት ወር

ሰላም ወገኖች፣ ይሄን የምፅፈው ፈሳሽ ሳሙና፣ ሻምፖ፣ ኮላ፣ ቀለም ምናምን በትንሽ ደረጃ ለምታመርቱ ነው፣ በተለይ ወሎ ውስጥ ላላችሁ። እኔ ኮምቦልቻ ነኝ፣ የእቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በ500 ሊትር ታንከር እየበጠበጥኩ ለደሴ፣ ለሐይቅ፣ ለከሚሴና ለባቲ ሱቆች አከፋፍላለሁ። ከሰባት ወር በፊት አንዲት ትንሽ ሴንሰር ገዛሁ፣ ሳሙናው ታንከር ውስጥ እየዞረ እያለ ውፍረቱን እየለካች ቁጥር የምታወጣ። ከመግዛቴ በፊት ስለሷ በአማርኛ የፃፈ ሰው ስፈልግ አንድም አላገኘሁም፣ ስለዚ ያየሁትን ደጉንም ክፉውንም ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ለምን እንደገዛኋት። ድሮ ውፍረት የምለካው በጭልፋ ነበር። ይሄን ሙያ ያስተማረችኝ እናቴ ናት፣ ጭልፋውን ነክራ ከፍ ታደርግና ሳሙናው ሲወርድ ታያለች፣ ክር ከሳበ ደረሰ፣ ከተንጠባጠበ አልደረሰም፣ በቃ። እናቴ እጇ ሚዛን ነው፣ አትሳሳትም ነበር፣ ግን እሷ የምትሰራው 50 ሊትር ነው፣ የኔ ደሞ 500። በ2014 ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲገባ የነበረንን እቃ አጥተን እንደገና ከዜሮ ስንጀምር ትልቅ ታንከር የገዛነው ተበድረን ነው፣ እና 500 ሊትር በጭልፋ ግምት መስራት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ያወቅኩት አንድ ሙሉ ታንከር ከተበላሸብኝ በኋላ ነው።

የተበላሸው በጨው ነው። ስራው ላይ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ቴክሳፖን (አረፋ የሚያወጣውና የሚያፀዳው ዋናው ጥሬ እቃ) ያለበትን ሳሙና የምናወፍረው በገበታ ጨው ነው፣ ርካሽ ነው ደሞም ይሰራል። ግን ጨው መስመር አለው። ጨው ስትጨምሩ ሳሙናው ይወፍራል ይወፍራል ይወፍራል፣ የሆነ ጫፍ ላይ ይደርሳል፣ ከዛ በኋላ አንድ እፍኝ ስትጨምሩ መቅጠን ይጀምራል። እኔ ያኔ ይሄን በደንብ አላውቅም ነበር፣ ቀጠነ ብዬ ጨው ጨመርኩ፣ ባሰው፣ አሁንም ጨመርኩ፣ እንደ ውሃ ሆነ። የዛን ቀን ማታ አልተኛሁም ወላሂ፣ 500 ሊትር ሙሉ ቴክሳፖን፣ ሽቶ፣ ቀለም፣ ጉልበት። ውሃና ቴክሳፖን እየጨመርኩ በሶስት ታንከር ከፋፍዬ ለማዳን ሞከርኩ፣ ግማሹ ዳነ።

ለምን እንደዛ እንደሚሆን ያስረዳኝ እዚሁ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኬሚካል ኢንጂነሪንግ የጨረሰ የጎረቤት ልጅ ነው። ቴክሳፖኑ ውሃ ውስጥ ሲሆን ሞለኪውሎቹ ተሰብስበው በአይን የማይታዩ ትንንሽ ኳሶች ይሰራሉ፣ ጨው ሲገባ ኳሶቹ እየተያያዙ ረጃጅም ክር ይሆናሉ፣ ክሮቹ ደሞ እንደ ተጠላለፈ ፈትል እርስ በርስ ሲተበተቡ ሳሙናው እንደልቡ መፍሰስ ያቅተዋል፣ እሱ ነው ውፍረት የምንለው። ጨው ሲበዛ ግን ያ ትብትብ ይለወጣል፣ መያዣው ይላላል፣ ይቀጥናል። ስለዚ «ቀጥኗል» የሚለው ብቻውን አይበቃም፣ ከጫፉ በፊት ነው የቀጠነው ወይስ ካለፈ በኋላ የሚለው ነው ቁም ነገሩ፣ ጭልፋ ደሞ ይሄን አይነግርም። ልጁ «እትዬ፣ ቁጥሩ እየወጣ ነው እየወረደ ነው የሚለውን በሰዓቱ የምታይበት ነገር ያስፈልግሻል» አለኝ። ፍለጋው የተጀመረው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ሴንሰሯ። ከቻይና የመጣች ናት፣ አዲስ አበባ ካለ አስመጪ ነው የገዛኋት፣ ስሙን አልጠራም። ከራሷ ማሳያ ስክሪንና ከፓወር ሰፕላይዋ ጋር 190 ሺህ ብር አካባቢ ወጥቶብኛል። ብዙ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን የተበላሸው አንድ ታንከርና የተመለሰብኝ እቃ ሲደመር ከዛ ብዙም አያንስም ነበር።

ቅርጿ ሹካ ነገር ናት፣ ትንሿን ጣቴን የሚያክሉ ሁለት የማይዝግ ብረት ጥርሶች አሏት፣ ከኋላ በብሎን ታንከሩ ላይ የምትታሰር። ስራ ላይ ስትሆን ጥርሶቹ በአይን በማይታይ ፍጥነት ይንቀጠቀጣሉ፣ በሴኮንድ ብዙ መቶ ጊዜ። ውሃ ውስጥ ስትሆን ንቅጥቃጤው ብዙም አይያዝም፣ ወፍራም ነገር ውስጥ ስትሆን ግን ፈሳሹ እየያዛት ይደክማል፣ የደከመውን ያህል ለክታ ወደ ቁጥር ትቀይረዋለች። እጃችሁን ውሃ ውስጥና ማር ውስጥ አድርጋችሁ ብታወዛውዙ የሚሰማችሁ ልዩነት ማለት ነው። አጠገቧ የሙቀት መለኪያም አላት፣ ይሄ በጣም ይጠቅማል፣ እመለስበታለሁ።

ከዚች በጣም የሚያንሱም አሉ አለኝ ልጁ። የእጅ ሰዓት ውስጥ ያለችው የኳርትዝ ሹካ በሴኮንድ 32,768 ጊዜ የምትርገበገበው፣ እሷኑ ፈሳሽ ውስጥ ነክረው ውፍረት የሚለኩ ተመራማሪዎች አሉ፣ ሩዝ የምታክል ነገር! ሌላው ደሞ ሳንቲም የሚያክል የኳርትዝ ክሪስታል ነው፣ በሴኮንድ 5 ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ፣ አንድ ገፁን ውሃ ሲነካው ከ5 ሚሊዮኑ ላይ 700 ገደማ ይቀንሳል፣ ምን ያህል እንደሚቀንስ የሚወስነው የፈሳሹ ውፍረትና ክብደት ነው፣ ይሄን በፈረንጆቹ 1985 ካናዛዋና ጎርደን የሚባሉ ሰዎች በስሌት አሳይተዋል። እነዚህ ግን ለላብራቶሪ ናቸው፣ በሚያቃጥለው ኮስቲክ ሶዳና በሳሙና መሀል በርሜል ውስጥ ለሚዘፈቅ እቃ ብረቷ ትሻላለች።

የምታወጣው ቁጥር በሴንቲፖይዝ ነው፣ ክብደት በኪሎ እንደሚለካ የፈሳሽ ውፍረት የሚለካበት ነው። ፖይዝ የሚለው ስም የመጣው ፕዋዜይ ከሚባል ፈረንሳዊ ሀኪም ነው፣ በ1800ዎቹ ደም በቀጭን ቱቦ እንዴት እንደሚፈስ ሲያጠና የነበረ። ውሃ በ20 ዲግሪ 1 ሴንቲፖይዝ ነው፣ ንፁህ ግሊሰሪን በ20 ዲግሪ 1,400 አካባቢ። ይሄን ያዙት፣ ሴንሰር ስትገዙ ብር ከመክፈላችሁ በፊት በውሃ ሞክሩ፣ 1 አካባቢ ካላለች አትውሰዱ። በግሊሰሪንም መሞከር ይቻላል ግን አዲስ የተከፈተ ይሁን፣ ግሊሰሪን ከአየር እርጥበት እየሳበ ይቀጥናል፣ ደሞ ሙቀቱን አብራችሁ እዩ፣ ያው ግሊሰሪን በ25 ዲግሪ ወደ 900 ዝቅ ይላል። አምስት ዲግሪ ብቻ፣ አስቡት!

እና ሙቀት ነው ትልቁ ትምህርቴ። ከዚ በፊት የደሴ ደንበኞቼ ሁሌ ያማርሩ ነበር። አንዷ ሰኞ ገበያ አጠገብ ሱቅ ያላት «እህቴ አብሽሪ እንጂ፣ ይሄ ነገር ጠዋት ጠዋት ከጀሪካኑ አልወጣ እያለ አስቸገረን እኮ» ትለኛለች፣ በዛው ሳምንት የባቲው ነጋዴ ደውሎ «ውሃ ነው የላክሽልኝ» ይላል። ከአንድ ታንከር የተቀዳ እቃ! እኔ ሾፌሩ መንገድ ላይ ውሃ እየጨመረ ነው ብዬ ሁሉ ጠርጥሬ ነበር፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። ለካ ሐረጎን ወጥተሽ ደሴ ስትገቢ ብርዱ ነው፣ ባቲ ደሞ ሙቀቱ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፣ ኮምቦልቻ ከ2,000 በታች፣ ባቲ ደሞ ከኛም ይወርዳል። ሳሙናው አንድ ነው አየሩ ነው የሚለየው። አሁን ሴንሰሯ ሙቀቱንም ስለምታሳይ አንድ ጆግ ሳሙና በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፌ 14 ዲግሪ ላይ፣ ከዛ ፀሀይ ላይ አውጥቼ 32 ላይ እለካለሁ፣ የደሴን ጨው ቀነስ የባቲን ጨመር አድርጌ ሁለት አይነት እሰራለሁ። ካሻሻልኩ ወዲህ ከሁለቱም በኩል ስልክ የለም።

ሌላ ሙቀት ላይ የምትጠነቀቁት፣ ሰልፎኒክ አሲድ የሚባለውን የሳሙና ጥሬ እቃ በኮስቲክ ሶዳ ኒውትራላይዝ የምታደርጉ (አሲድነቱን የምታጠፉ) ከሆነ ታንከሩ ራሱ ይግላል። ትኩስ እያለ ቀጭን ይመስላል፣ ጨው ትጨምራላችሁ፣ ጠዋት ስትመጡ ጄሊ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ስክሪኑ ላይ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ዲግሪውን አይታችሁ፣ ቢያንስ ከ30 በታች እስኪወርድ ታግሳችሁ ጨው ጀምሩ። ይሄን ያለ ሴንሰርም በቴርሞሜትር ማድረግ ይቻላል፣ ብር የሌለው ከዚ ይጀምር።

ጨው ላይ እንዴት እንደምጠቀምባት ልንገራችሁ፣ ለዚሁ ስራ ስል ነው የገዛኋት። ጨዉን በውሃ አሟሙቼ በሊትር እየለካሁ እጨምራለሁ፣ ከእያንዳንዱ ሊትር በኋላ አስር ደቂቃ እየበጠበጥኩ እጠብቃለሁ፣ ቁጥሩን ደብተር ላይ እፅፋለሁ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፣ መሀል ላይ በአንድ ሊትር ብቻ እጥፍ የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ ከዛ ጭማሪው እያነሰ እያነሰ ሲመጣ ጫፉ ቀርቧል ማለት ነው፣ እዛ ላይ አቆማለሁ። ጫፉ ድረስ አልሄድም፣ ጫፉ ላይ የቆመ ሳሙና ትንሽ ነገር ይቀይረዋል። በሰባት ወር አንድም ታንከር አልተበላሸብኝም፣ ጨውም ከድሮው ያነሰ ነው የምጠቀመው። እናቴ አጠገቤ ቆማ ጭልፋዋን ይዛ ታያለች፣ እሷ «በቃ ደረሰ» ስትል ቁጥሩ እኔ የምፈልገው ላይ ሆኖ ሳገኘው የሚሰማኝን ደስታ አልነግራችሁም።

አሁን ክፉ ክፉው።

ቁጥሩን እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ አትያዙት። ናሙና ይዘን ላብራቶሪ ሄደን በሚሽከረከረው መለኪያ ስናስለካው 3,200 አለ፣ የኔዋ ያንኑ ሳሙና በዛው ዲግሪ 1,900 ነው ያለችው። በጣም ደንግጬ ነበር፣ ተታለልኩ ብዬ። ልጁ ሲያስረዳኝ ግን ሁለቱም አልዋሹም። እርጎን አስቡት፣ ቅሉ ውስጥ ቆሞ ሲታይ ወፍራም ነው፣ ስትመቱት ይቀጥናል። ሳሙናችንም እንደዛ ነው፣ በዝግታ ሲንቀሳቀስ ወፍራም፣ በፍጥነት ሲነካ ቀጭን። የላብራቶሪው መለኪያ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ የኔዋ በፍጥነት ትንቀጠቀጣለች፣ ስለዚ ቀጭን ሆኖ ይሰማታል። ውሃ፣ ዘይት፣ ግሊሰሪን ላይ ይሄ ልዩነት የለም፣ ሁለቱም መለኪያ ይስማማሉ። እና የሻጩ ወረቀት ላይ «ለማንኛውም ፈሳሽ ትክክለኛ» የሚለውን አትመኑ፣ የራሳችሁን እቃ ጥሩ የሆነ ቀን ለክታችሁ ያንን ቁጥር ኢላማ አድርጉ፣ የሌላ ሰው ቁጥር አይሰራላችሁም።

ቀለም የሚሰራ ወዳጄ ይሄን ሰምቶ መጥቶ ሞከራት፣ እሱ ላይ ብሶ አገኘነው፣ የቀለም ባህሪ ከሳሙናም በላይ እንደ እርጎ ነው። ለሱ የድሮዋ ቀዳዳ ያላት ኩባያ ትሻለዋለች፣ ፎርድ ካፕ ቁጥር 4 የምትባለው፣ 100 ሚሊሊትር ይዛ ከታች 4 ሚሊሜትር ገደማ ቀዳዳ ያላት፣ ሞልተሽ በስልክ ሰዓት ስንት ሴኮንድ እንደፈሰሰ መቁጠር። ዋጋዋ ከዚች ጋር አይወዳደርም። ለወፍራም ሳሙና ግን ኩባያዋ አትሆንም፣ አይወርድም ወይ ደሞ ክር እየሳበ መቼ እንዳለቀ አይታወቅም።

አረፋም ያሳስታታል። ሚክሰሩን በፍጥነት ካዞራችሁ አየር ይገባል፣ ቁጥሩ ወዲህ ወዲያ ይዘላል። እኛ መጀመሪያ ከላይ ነበር ያሰርናት፣ አረፋው ያለበት፣ ለሁለት ሳምንት ምንም የማይጨበጥ ቁጥር ስትሰጠኝ ቆየች። አሁን ከታች፣ ከታንከሩ ግድግዳ አንድ ስንዝር ገባ ብላ፣ ሳሙናው ሁሌ በሚያልፍበት ቦታ ናት፣ ለመለካት ደሞ ሚክሰሩን ቀዝቀዝ እናደርገዋለን። ጥጉ ውስጥ አታስሯት፣ እዛ ጥግ ያለው ሳሙና አይንቀሳቀስም፣ ያው አሮጌውን ነው የምትለካው።

በጣም ያናደደኝ ግን ኦሪንጉ ነው፣ ፈሳሽ ወደ ውስጥ እንዳይገባ የሚያሽገው የጎማ ቀለበት። አራተኛው ወር ላይ ቁጥሩ በራሱ ጊዜ መውጣት ጀመረ፣ ንፁህ ውሃ ውስጥ እንኳን 1 መሆን ሲገባት 6፣ 7 ትላለች። ፈተን ስናያት ጎማ ቀለበቷ አብጣ ተበልታለች። አስመጪው ጋ ደወልኩ፣ ሶስት ቀን አልተነሳም፣ ሲነሳ «ኬሚካል አታስነኩ» ተባልኩ። ለኬሚካል ስራ ብለው የሸጡልኝን እቃ! ከዛ ልጁ ኦሪንጉ ቪቶን እንደሆነ አወቀ፣ ቪቶን ለዘይትና ለነዳጅ ምርጥ ነው ለኮስቲክ ሶዳ ግን አይሆንም፣ ለኮስቲክ ኢፒዲኤም የሚባለው ጎማ ነው የሚያስፈልገው። ከመርካቶ ኢፒዲኤም አስመጣን፣ ዋጋው ለማውራት እንኳን የሚበቃ አይደለም፣ ቀየርነው፣ ይሄው ሶስት ወር ሆነው ደህና ነው። አስመጪው ከመሸጡ በፊት «ምን ውስጥ ነው የምትነክሪያት» ብሎ አንድ ጥያቄ ቢጠይቀኝ ኖሮ ያ ሁሉ አይመጣም ነበር። ስለዚ እናንተ ጠይቁ፣ ኦሪንጉ ምንድነው፣ ብረቱ 316 (ኬሚካል የሚቋቋመው የማይዝግ ብረት አይነት) ነው ወይ፣ ትርፍ ኦሪንግ አብሮ አለው ወይ። መመሪያው ደሞ በቻይንኛ ብቻ ነው የመጣው፣ ልጁ በስልክ ፎቶ እያነሳ ነው ያስተረጎመው።

መብራት። በ24 ቮልት ነው የምትሰራው፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ የመጀመሪያው ፓወር ሰፕላይ ተቃጠለ። አሁን ስታቢላይዘርና ትንሽ ባትሪ አለ፣ ሴንሰሯ ራሷ የምትበላው ትንሽ ስለሆነ መብራት ቢጠፋም ቁጥሩ አይጠፋም፣ ሚክሰሩ ነው የሚቆመው።

ፅዳት ላይ ሰራተኞቻችሁን በደንብ አስተምሩ። ከእያንዳንዱ ስራ በኋላ በሞቀ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ፣ በቃ። ሳሙና ጥርሶቹ መሀል ደርቆ ከቀረ በሚቀጥለው ቀን ሳሙናው የወፈረ ይመስላታል። አንዴ አንዱ ልጅ በቅን ልቦና በቢላ ፋቃት፣ እኔ ስላልነገርኩት የኔ ጥፋት ነው፣ ከዛ ወዲህ ውሃ ላይ 1.2 ነው የምትለው፣ ወፍራሙ ላይ ግን ልዩነቱ አይታወቅም። ጠዋት ጠዋት ስራ ከመጀመሬ በፊት አንድ ጆግ ውሃ ውስጥ ነክሬ ቁጥሩን ደብተር ላይ እፅፋለሁ፣ ኦሪንጉ መበላሸቱን ቀድሜ ያወቅኩትም በዚ ነው።

እና ግዙ ወይስ አትግዙ? በሳምንት ከአንድ ሺህ ሊትር በላይ ለምትሰሩ፣ ውፍረቱ በጨው ለሚወሰን ሳሙናና ሻምፖ፣ ግዙ፣ እኔ መልሳ ከፍላኛለች። በወር አንዴ ሁለቴ 100 ሊትር ለሚሰራ ሰው ገንዘቡን ቴርሞሜትርና ጥሩ ሚዛን ላይ ያውል፣ ጨዉን በሊትር እየለካ በደብተር ይስራ፣ ብዙው ችግር በዛ ይቀላል። ቀለም ለምትሰሩ አልመክርም። አስመጪውን ከአምስት ሁለት፣ እቃዋን ግን አራት እሰጣታለሁ፣ አምስተኛውን የወሰደባት ኦሪንጉ ነው።

ከኮምቦልቻና ከደሴ አካባቢ ሆናችሁ ከመግዛታችሁ በፊት በራሳችሁ እቃ መሞከር የምትፈልጉ ካላችሁ እዚሁ ስር ፃፉልኝ፣ የምበጠብጠው ማክሰኞና ሐሙስ ነው፣ ሰኞ ባቲ ገበያ ስለምወርድ አልገኝም። ስትመጡ ቢያንስ ሁለት ሊትር ናሙና በደንብ የተከደነ ይዛችሁ ኑ፣ በሃይላንድ ፕላስቲክ ግማሽ ሊትር ይዞ የመጣ ሰው ነበር መለካት አልቻልንም፣ ጥርሶቿ ሙሉ በሙሉ መስመጥ አለባቸው፣ ከእቃው ግድግዳም መራቅ አለባቸው።